ጉራ፣ ጠብቆ ሲነበብ

ፊደላችን ብዙ ነገር አሟልቶ ሰጥቶናል። አንድ ነገር ግን ነፍጎናል፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው የምንለይበት ምልክት። አንድ ሰው «አለ» ብሎ ቢጽፍ፣ መኖሩን ይሁን መናገሩን አንባቢው በራሱ ይወቀው ተብሎ የተተወ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ማንንም አይጎዳም። በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ጅማ ላይ ግን በዚህች ጉድለት የተነሣ ሰው ታሰረ።

የታሰረችው ብርሃንነሽ ነበረች፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት። አርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ከጽሕፈት መኪናዋ ፊት አስነሧት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ታይፕ የመታሽው ወረቀት አለ።»

«እኔ ታይፕ መታሁ እንጂ ሰው አልመታሁም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻቸው። ጠመንጃ ፊት እንዲህ የምትመልስ ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ከእስር አላዳናትም።

ወረቀቱን ያዘጋጀችው እሷ አይደለችም። ያዘጋጀችው ፈድሊያ አባቦራ ናት፤ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ። ዜናውን ስትሰማ በእጇ የያዘችው ጠመኔ ተሰበረ። ራሷን ቢያስሯት ይሻላት ነበር። እሷ በመረጠችው ቃል ሌላ ሰው ሲታሰር ግን ምን ይባላል?

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ነው። ለመምህራን ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የውጭ አገር መጽሔት እጇ ገባ። በሥልጠናው የተባለውን ሁሉ ረሳችው። ያንን ጽሑፍ ግን ቁጭ ብላ በእጇ ገልብጣ ጅማ ይዛው መጣች።

የነርቭ ሕዋሶች የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኛ እንደሆነ ድሮም ታስተምር ነበር። አንዱ ሕዋስ መልእክቱን ይለቃል፤ በሌላው ሕዋስ ቆዳ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ይሰማል። ለእሷ አዲስ የሆነው፣ ያ የሚሰማው ፕሮቲን ሁልጊዜ እኩል የማይሰማ መሆኑ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ሌላ ሠራተኛ ፕሮቲን አለ፤ ፎስፌት የምትባል ቅንጣት ይዞ መጥቶ ሰሚው ላይ ይለጥፍበታል። ፎስፌቷ ስትለጠፍ የሰሚው ጠባይ ይለወጣል። መልእክተኛው ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ ቢውል፣ ምልክት ያለበት ሰሚ ቶሎ ዝም ይላል። ደግሞ ሥራው ያቺን ፎስፌት መላጥ ብቻ የሆነ ሌላ ሠራተኛ አለ። እሱ ከላጣት በኋላ ሰሚው እንደገና እንደ ድሮው ይሰማል። ሊቃውንቱ ይህን ያዩት ከኤሌክትሪክ ዓሣ በወሰዱት ሰሚ ላይ ነው፤ በአንጎልም ውስጥ ብዙ ነገር በዚሁ መንገድ ሳይሠራ አይቀርም ይላሉ።

ፈድሊያ ያን ቀን ምሳ መብላቷንም ረሳች። ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ» ሲል ኖሯል፤ ዳባውን የሚያለብሰውና የሚገፈው ማን እንደሆነ በዓይኗ ያየች መሰላት።

ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ በእንግሊዝኛ ብትነግራቸው ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ እንደገባው ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ በአማርኛ አራት ገጽ ጻፈች። ጭንቁ ሰሚውን ፕሮቲን ምን ትበለው የሚል ነበር። «ተቀባይ» አለችው፤ «ሌባና ተቀባይ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ እንደሚያፈርሱት ስታስበው ሰረዘችው። «ጆሮ» ብትል ከራሳቸው ጎን የተንጠለጠለው ጆሮ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ከቤቷ ቋንቋ ተበደረች። በኦሮምኛ ጆሮ ማለት ጉራ ነው፤ «ራ» ጠብቆ። ከአርባ ሁለት ተማሪዎቿ ሠላሳ አምስቱ ሲወለዱ የሰሙት ቋንቋ ስለሆነ፣ ጠብቆ እንደሚነበብ መጻፍ ትዝ አላላትም። ብርሃንነሽም በስቴንስል መታችላት።

ከጽሑፉ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፤ «የሕዋሱ ጉራ በቆዳው ላይ ተተክሏል። አንደኛው መልእክተኛ ከውጭ መጥቶ ያንኳኳል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ያን ጊዜ ከውስጥ ሁለተኛ መልእክተኛ ይነሣል፤ ሠራተኛውንም ይቀሰቅሳል። ሠራተኛው በጉራው ላይ የፎስፌት ማኅተም ያትማል፤ ጉራውም ዝም ይላል። አትጨነቁ፤ ማኅተሙን የሚያነሣ ሌላ ሠራተኛ አለ።»

እስቲ ይህን ባዮሎጂም ኦሮምኛም የማያውቅ፣ የ1970ን ዓመት ግን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ አስቀምጡት። በዚያ ዓመት «ሕዋስ» የሚለው ቃል የተክልና የእንስሳ መሆኑ ቀርቶ በስውር የሚሰበሰቡ የአምስትና የስድስት ሰዎች ስም ነበር። በዚያ ቃል ስንቱ ቤት ባዶ ቀርቷል።

ጽሑፉ የደረሰው ለጓድ ለይኩን ነው፤ የቀበሌው የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ። ጅማ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ኦሮምኛው ግን ከ«ነጋ ጅርታ» ሰላምታ አላለፈም። ክፉ ሰው ነው እንዳይባል ትጉህ ሰው ነው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፈድሊያን አስጠርቶ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋው። አንድ ጸሐፊ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

«ጓድ ፈድሊያ፣ ይሄ ሕዋስ የማን ነው?»

«የሁላችንም ነው። እርስዎም አለዎት።»

«የኔን ተዪው! ሁለተኛው መልእክተኛ ማን ነው? ብርሃንነሽ ናት አይደል? ወረቀቱን ያባዛችው እሷ ናት።»

«ሁለተኛው መልእክተኛ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ ነው።»

ለይኩን ብዕሩን አነሣ። «ኤ... ኤም... ፒ» እያለ ጻፈ። «ኢሕአፓን አውቃለሁ፣ መኢሶንን አውቃለሁ። ይሄ የማን ነው? መቼ ተመሠረተ?»

ፈድሊያ ከንፈሯን ነከሰች። እውነቱን ብትናገር፣ ሕይወት ሲጀመር ነው የተመሠረተው።

«ፎስፌቱስ? ፎስፌት ያለው ዳፕ ውስጥ ነው። ዳፕ የመንግሥት ማዳበሪያ ነው። ማን ሰጣችሁ?»

«ፎስፌት እኮ በሰውነታችን ውስጥ አለ፣ ጓድ።»

«የሕዋሱ ጉራ!» አለ ለይኩን ወረቀቱን በጣቱ እየወጋ፣ «ራ»ን አላልቶ። «ጉራችሁን እንኳ አልደበቃችሁም!»

ያን ጊዜ ሳቋ አመለጣት። መሳቅ አልነበረባትም፤ እንዲህ ባለ ቦታ የሚያመልጥ ሳቅ ዋጋው ብዙ ነው። «ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ጓድ» አለች። የለይኩን ፊት ግን ተዘግቷል። በራሱ እጅ የጻፈውን አንድ ቅጠል ወረቀት አቀበላት። እንዲህ ይላል፤ «ሕዋስ፣ መልእክተኛና ማኅተም የሚሉትን ቃላት በስውር ትርጉም ተጠቅሜአለሁ። ታይፒስት ብርሃንነሽ በሁለተኛ መልእክተኛነት ተባብራኛለች። አብዮቱ ይቅር ይበለን።»

«ነገ በወላጆች ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርገሽ ታነቢዋለሽ» አለ። «አብዮቱ መሐሪ ነው፤ ካነበብሽ ብርሃንነሽ ነገውኑ ቤቷ ትገባለች። ካላነበብሽ ሰኞ ሁለታችሁንም ወደ ላይ እናስተላልፋችኋለን። ከዚያ በኋላ እኔ አላውቅም።»

ፈድሊያ ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛ በቾ ቦሬ ገባች። አባቷ አባቦራ በግቢያቸው ጥላ ሥር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ እየጠረቡ ነበር። ጥሩ ጠራቢ ናቸው፤ ዝምተኛም ናቸው። ስብሰባ ሲጠራ ይሄዳሉ፣ እጅ አውጡ ሲባል ያወጣሉ፣ አፋቸውን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፍተው አያውቁም። ልጃቸው ቲጃኒ ከተወሰደ ወዲህ ማለት ነው። የሱን ስም በዚያ ቤት የሚጠራ የለም። ፈድሊያ ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የታላቅ ወንድሟ ጫማ አሁንም ከአልጋዋ ሥር አለ።

ወረቀቱን አነበበችላቸው። መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

«ታነቢያለሽ?»

«ካላነበብኩ ብርሃንነሽ አትወጣም፣ አባ። በኔ ጦስ ነው የታሰረችው። አንዲት ወረቀት ናት፤ አንብቤ ብገላገልስ?»

ሽማግሌው ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ለኔም አንዲት ወረቀት ነበረች» አሉ። «‹ልጄ የሕዋስ አባል ነበር፤ ተጸጽቷል፤ ይቅር በሉት› ትላለች ብለው ያመጡልኝ። ‹ፈርም አባቦራ፣ ለመግሪብ ሶላት ቤቱ ይደርሳል› አሉኝ። ዋላሂ ሕዋስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ፈረምኩ። በማግስቱ ‹አባቱ እንኳ መስክሮበታል› ብለው ወሰዱት።»

ፈድሊያ ይህን ሰምታ አታውቅም። አባቷ የፈረሙት ወረቀት እንዳለ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤት ኖራ አልሰማችም። ባልተጠናቀቀው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እምቢ ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር አልልሽም፤ እሱን አላህ ያውቃል» አሉ። «ግን እምቢ ብዬ ባጣሁት ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው አያወጣም፣ ኢንተሎ፣ ልጄ። ያስገባል እንጂ።» ከዚያ መጥረቢያቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። አድርጊ ወይም ተዪ አላሏትም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የተማሪ ወላጆች ከከተማውም፣ በዙሪያው ካሉት ከየቡም ከደዶም ተጠርተዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምመላሽ መድረኩ ላይ ከለይኩን ጎን ተቀምጧል። ለይኩን ስለ ንቃት ሁለት ሰዓት ተናገረ። መፈክር ሲባል ግራ እጅ ይወጣል፤ መፈክሩ ሲያበቃ እጁ ይወርድና ሰው ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ቀጥሎ ደምመላሽ የቅዳሜውን ቃለ ጉባኤ አነበበ።

«ተጠርጣሪዋ ስለ ሕዋሱ ጉራ ስትጠየቅ ‹ጠብቆ ነው› ብላለች» ብሎ ቀና አለ። ጸሐፊው የጻፈውን «ጠብቆ» እንደ ዘብ «ጠብቆ» አንብቦት ነበር። «ማንን ጠብቆ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።»

ፈድሊያ ተጠራች። ወረቀቱን እንደ ታጠፈ ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ከክፍል የለመደችው ድምፅ ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ግለ ሂስ ከማድረጌ በፊት ያጠፋሁበት ጽሑፍ ለሕዝቡ ይነበብ። ሕዝቡ ምን ሰምቶ ሊፈርድ ነው?»

ለይኩን ደስ እያለው ጽሑፉን አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። «የሕዋሱ ጉራ...» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አላልቶ።

አዳራሹ ተጉረመረመ። ከደዶ የመጡ ዋቅጅራ የሚባሉ ገበሬ ከመካከል ተነሡ። «ማል? ምን አልክ ጓድ? የምን ጉራ?»

«ጉራ! ትምክህት!»

ዋቅጅራ ወደ ፈድሊያ ዞሩ። «መምህርት፣ ይሄ ጉርራ ነው እንዴ?» ብለው የገዛ ጆሯቸውን በሁለት ጣት ይዘው ጎተቱት። «ጉርራ! ጉርራ ኬኛ፣ ጆሯችን!»

«እሱ ነው አባቴ» አለች ፈድሊያ። «ጠብቆ ነው የሚነበበው።»

መጀመሪያ የሳቁት ተማሪዎቹ ናቸው። ከዚያ እናቶቹ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። የምታንኮራፋዋ ሴት ነቅታ ምን እንደተባለ ስትጠይቅ ጎረቤቷ ጆሮዋን ጎተተችላት። ሁሉም ጆሮውን ይዞ «ጠብቆ! ጠብቆ!» ይላል። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ሳቅ ክልክል ነው!» ብሎ ለይኩን ጮኸ። ያ ደግሞ ጨመረባቸው።

ፈድሊያ ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ማስተማር ጀመረች። በአንድ ሕዋስ ላይ የተተከለውን ጉራ፣ የሚያንኳኳውን መልእክተኛ፣ ፎስፌቱን የሚለጥፈውን ሠራተኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

«ፎስፌት ያው ዳፑ ነው?» አሉ ዋቅጅራ።

«ዳፕ ውስጥ ያለው ነው አባቴ። በእያንዳንዳችን አንጎል ውስጥም አለ።»

«ሱብሃነላህ። ለዚህኛውስ ኮታ አላወጡለትም?»

እንደገና ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አሁን አልሳቀችም። ሳቁ ብርሃንነሽን እንደማያስወጣት ታውቃለች። የቀራት ወረቀቱ ብቻ ነው።

«ስሙኝ» አለች። «ጉራው ዝም ሲል የደነቆረ ይመስላል። የሚያንኳኳው ሰውም ‹በቃ፣ ገባቸው፣ ተስማሙ› ይላል። አልተስማማም። አልደነቆረምም። ጩኸት ስለበዛበት ማኅተም ተደርጎበት ነው። ማኅተም ደግሞ የሚያነሣው አለ። ይህን ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጻፍኩም።»

ይህን ለመረዳት ባዮሎጂ አያስፈልግም።

«ወረቀቱን አንብቢ!» አለ ለይኩን። ፊቱ ቀልቷል።

«አላነብም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ብርሃንነሽ የማንም መልእክተኛ አይደለችም። ይህን ካነበብኩ ያሰርኳት እኔ ነኝ። እኔን የምታስሩኝ ከሆነ እዚሁ አለሁ።» ስትናገር ዕንባዋ ወርዶ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም። ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷንም ሁሉም አይቷል።

ሁለቱ ጥበቃዎች ከግድግዳው ተላቀቁ። ያን ጊዜ ከአራተኛው ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። አባቦራ ነበሩ። የሚያውቃቸው ሁሉ፣ የሚያውቃቸው ደግሞ ብዙ ነው፣ ዞሮ አያቸው።

«ደምመላሽ» አሉ። ጓድም፣ ሊቀ መንበርም አላሉም። «በ1970 በዚያች ሕዋስ በምትል ቃል ልጄን ወሰዳችሁ። ወረቀቷን ቤቴ ድረስ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። አላነበብኳትም፤ አመንኩህና ፈረምኩ። ልጄ ቲጃኒ ይባል ነበር። ቲጃኒ አባቦራ። ዛሬ ደግሞ ጉራ ብላችሁ መጣችሁ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ይነበብ። ጠብቆ ይነበብ።» ይህን ብለው ቆመው ቀሩ፤ አልተቀመጡም።

ለይኩን የሚያውቀውን መድኃኒት አወጣ። ግራ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ መፈክር አሰማ። አንድም እጅ አልወጣም። እንደገና አሰማ። አራት መቶ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው ዝም አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ። ለሦስተኛው መፈክር ጣሪያው ብቻ መለሰለት።

ደምመላሽ ግን መፈክሩን አይሰማም ነበር። አባቦራን ነው የሚያየው። እሱ እንደ ለይኩን ነገ ተዛውሮ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ እዚሁ ተወልዷል፣ እዚሁ ይቀበራል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ወረቀት አነሣ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«ስብሰባው ተበትኗል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ጥበቃዎቹ ዞሮ፣ «ያቺን የታሰረችውን ልጅ ልቀቋት» አለ።

ብርሃንነሽ የዙሁር አዛን ሲባል ወጣች። ነጠላዋ ቆሽሿል፤ ምላሷ እንደ ነበረ ነው። ፈድሊያ አቅፋት ይቅርታ ስትል «ተይ እባክሽ፤ ይልቅ ሁለተኛ ስትጽፊ ቀላል ቃል ምረጪ» አለቻት። ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

ድል ሆነ ተብሎ ግን አይጻፍ። በዚያው ሳምንት አራቱ ገጾች ከየተማሪው ተሰብስበው ተቃጠሉ። ፈድሊያ «ለተግባራዊ ንቃት» ተብላ ከክፍል ወጥታ ሁለት ወር የቡ ላይ ቡና ለቀማ ተላከች። እጇ ተሰነጣጥቆ፣ ጀርባዋ ጎብጦ ቆየች። አብረዋት የሚለቅሙት ሴቶች የአዳራሹን ወሬ ቀድመው ሰምተውት ስለነበር፣ ቅርጫታቸው እስኪሞላ ስለ ጉራውና ስለ ማኅተሙ ሲያስለፈልፏት ይውላሉ። የታተሙት ቅጂዎች አርባ ሁለት ነበሩ፤ የየቡ ለቃሚ ግን ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የካቲት ላይ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ደብዳቤ ጠበቃት። በለይኩን የተፈረመ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት። «ጉራ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ በትምህርት ገበታ ላይ እንዳትጠቀሚ በጥብቅ እናስጠነቅቃለን» ይላል።

ፈድሊያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ብርሃንነሽ ክፍል ገብታ መልስ አስመታች፤ አንድ መስመር ብቻ።

«ደብዳቤው ደርሶኛል። የተከለከለው ላልቶ የሚነበበው ጉራ ነው ወይስ ጠብቆ የሚነበበው ጉራ?»

ብርሃንነሽ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ መታችና ቆመች። የጽሕፈት መኪናው ማጥበቂያ የለውም። ከዚያ መኪናውን አንድ ፊደል ወደ ኋላ መልሳ፣ «ራ»ን እዚያው ላይ ደግማ፣ ከበፊቱ አጠንክራ መታቻት።